አንድ መኪና፣ ሁለት ቁጥር

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሹፌሮች አላችሁ፣ መካኒኮች አላችሁ። ከአንድ አገር የመጣ መኪና ሌላ አገር ውስጥ የምትነዱም አላችሁ። ዛሬ የማወራው በተለይ ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ነው። ሌሎቻችሁም ስሙኝ፣ አትከስሩም።

በአንድ መኪና ልጀምር። ቶዮታ ራቭ4፣ ሃይብሪድ፣ በአራቱም ጎማ የሚሄደው። በ2019 የወጣውን ሞዴል ማለቴ ነው። የአውሮፓውን መመሪያ ስትገልጡ ፍሬን ያለው ተጎታች እስከ 1,650 ኪሎ ድረስ ይጎትታል ይላል። የአሜሪካውን ስትገልጡ ደግሞ 1,750 ይላል። ያው ተቀራራቢ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የአሜሪካው በፓውንድ ነው። ወደ ኪሎ ሲመጣ 794 ነው። የአውሮፓውን ግማሽ እንኳን አይሞላም!

እኔ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያየሁ ቀን የማተሚያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በኋላ ሌሎች መኪኖችን ማየት ስጀምር ነገሩ በአንድ መኪና ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ቴስላ ሞዴል 3 አውሮፓ ውስጥ መጎተቻ ተገጥሞለት 1,000 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለዓመታት መጎተቻም አልቀረበለት፣ ቁጥርም አልተሰጠው።

ታዲያ ለምን? ሰው ብዙ ይላል። «አሜሪካኖቹ ትልልቅ ፒክአፕ ለመሸጥ ብለው ነው» የሚል አለ። «ክስ ፈርተው ነው» የሚልም አለ። እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም፣ ትንሽ እውነት ይኖረው ይሆናል። እኔ ግን ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ከመኪናው ኋላ ያለችውን ኳስ ማየት እመርጣለሁ። ግማሹ መልስ እዚያ ተቀምጧል።

ተጎታች ከመኪና ጋር የሚያያዘው በአንዲት የብረት ኳስ ነው። መኪናውን ወደ ኋላ ብቻ አይጎትተውም። አፍንጫውን ኳሷ ላይ አሳርፎ ወደ ታችም ይጫነዋል። ይህ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ስንት እጅ ይሁን? አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ4 እስከ 7 በመቶ አካባቢ ይበቃል ይባላል።

እስቲ አብረን እናስላ። 1,650 ኪሎውን በ5 በመቶ አስሉት። 82 ኪሎ ተኩል ይመጣል። አሁን 794 ኪሎውን በ10 በመቶ አስሉት። 79 ኪሎ ይመጣል። አያችሁ? ላይ ላዩን አንዱ የሌላው እጥፍ የሚመስለው ቁጥር ኳሷ ጋ ሲደርስ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህን ያለው ኩባንያው አይደለም፤ የእኔ ስሌት ነው። ግን ብዙ ትንንሽ መኪኖችን በዚህ መንገድ ሳሰላቸው ነገሩ ጨርሶ እንቆቅልሽ መሆኑ ይቀራል። የመኪናው ኋላ የሚችለው ሸክም ያው ነው። ልዩነቱ ያንን ሸክም ስንት እጥፍ እናድርገው የሚለው ላይ ነው።

እሺ፣ አሜሪካኖቹ ለምን 10 በመቶ ይፈልጋሉ? መልሱ ፍጥነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞተው እዚህ ጋ ነው።

ከኋላው የከበደ ተጎታች ጭራውን መቁላት ይጀምራል። በዝግታ ስትሄዱ ነፋስ ወይም ጉድጓድ ቢያወዛውዘው ራሱ ይረጋጋል። አንድ የሆነ ፍጥነት ካለፋችሁ ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከፊተኛው ይበልጣል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መኪናውን ራሱን ይዞት ይዞራል። ያ ወሰን የሆነው ፍጥነት እንዲርቅ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ጭነቱን ወደ ፊት ማምጣት ነው። አፍንጫው ሲከብድ ጭራው ይረጋጋል። (መንገድ ላይ ቢያጋጥማችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። በመሪ ልታስተካክሉት አትሞክሩ፣ በፍጥነት ላመልጠው ማለትማ ጨርሶ አይሞከርም።)

አሁን የፍጥነት ሕጎቹን እዩ። ጀርመን ውስጥ ተጎታች የያዘ መኪና በአውቶባን ላይ እንኳን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው የሚፈቀድለት። 100 መሄድ የሚፈልግ ልዩ ፈቃድ አውጥቶ ምልክት ይለጥፋል፤ የተጎታቹ ጎማዎችም ከስድስት ዓመት በላይ የቆዩ መሆን የለባቸውም። ብሪታንያ ውስጥ በሞተርዌይ 60 ማይል ነው፣ 97 ኪሎ ሜትር ገደማ። አሜሪካ እንደየግዛቱ ነው። ካሊፎርኒያ 55 ማይል ላይ ታቆማለች። ብዙ ግዛቶች ግን ተጎታች ለያዘ መኪና ብለው የተለየ ገደብ አላስቀመጡም፤ ከሌላው መኪና እኩል መብረር ይቻላል። ስለዚህ የአውሮፓው ቁጥር ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው የተሰጠ ቁጥር ነው። የአውሮፓ ካራቫን (እየተጎተተ የሚሄድ ቤት) ሠሪዎችም ክብደቱን አክስሉ፣ ማለትም የጎማዎቹ ዘንግ፣ አካባቢ ለመሰብሰብ ይጥራሉ። የአሜሪካው ተጎታች ብዙ ጊዜ ረጅም ነው፣ አክስሉም ወደ ኋላ ያፈገፈገ ነው። አንዱን ከሌላው ቁጥር ጋር ማጋባት ነው አደጋው። የአውሮፓን 1,650 ይዞ በአሜሪካ ፍጥነት መንዳት ማለት ከሁለቱም አገር የሚጥመውን ብቻ መርጦ መብላት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት አውሮፓ የምትበልጥበትን ነው። ትልልቆቹ መኪኖች ጋ ስትደርሱ ታሪኩ ይገለበጣል። ፎርድ ኤፍ-150 አሜሪካ ውስጥ በትክክል ተሟልቶ ሲታዘዝ ከ13,000 ፓውንድ በላይ ይጎትታል። ወደ 6,000 ኪሎ ነው። አውስትራሊያ ሲሄድ 4,500 ኪሎ ይሆናል። ለዚያም ቢሆን 70 ሚሊሜትር ኳስ ያስፈልገዋል፤ በተለመደው የ50 ሚሊሜትር ኳስ 3,500 ላይ ያበቃል።

ይቺን 3,500 የምትባል ቁጥር ልብ በሉ። አውሮፓ ውስጥም፣ አውስትራሊያ ውስጥም የብዙ ትልልቅ መኪኖች መመሪያ እሷ ላይ ሄዶ ይቆማል። ሁሉም መሐንዲሶች ተጠራርተው አንድ ዓይነት ጉልበት ያለው መኪና ሠርተው አይደለም። አውሮፓ ውስጥ የቀላል ተጎታች ፍሬን በራሱ ግፊት ይሠራል። መኪናው ሲቀዘቅዝ ተጎታቹ ከኋላ ይገፋዋል፣ ያ ግፊት የተጎታቹን ፍሬን ያስይዛል። ቀላልና ብልህ ነገር ነው። ሕጉ ግን ይህን ፍሬን የሚፈቅደው እስከ 3,500 ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሌላ ዓይነት ፍሬን ያስፈልጋል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ከሹፌሩ ወንበር የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን ስለለመዱ ይህ ጣሪያ የለባቸውም። ስለዚህ 3,500 የሚል መኪና ስታዩ ሞተሩ ደክሞ ላይሆን ይችላል፤ ሕጉ ነው ያስቆመው።

ፍሬን ለሌለው ተጎታችም እንዲሁ ነው። አውሮፓ 750 ኪሎ ወይም የመኪናውን ክብደት ግማሽ፣ ከሁለቱ ያነሰውን ትፈቅዳለች። ካሊፎርኒያ ለካራቫን ከ1,500 ፓውንድ ጀምሮ ፍሬን ትጠይቃለች። ሌሎች ብዙ ግዛቶች እስከ 3,000 ፓውንድ ይታገሣሉ።

ወደ ፈተናው ልምጣ። አውሮፓ ውስጥ ቁጥሩ ላይ ለመድረስ መኪናው ከነተጎታቹ 12 በመቶ ዳገት ላይ ቆሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ መነሳት አለበት። ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ያለቅሳሉ። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ ኩባንያ ቁጥሩን በራሱ ሚዛን ነበር የሚያወጣው። ማስታወቂያ ላይ ማን ይበልጣል የሚል ፉክክር ነበር። በ2008 ኤስኤኢ ጄ2807 የሚባል የጋራ መለኪያ ወጣ። ቶዮታ በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ ተቀበለው፤ የቱንድራ ፒክአፑም ቁጥር ወረደ። ሌሎቹ እሱን ለመከተል ዓመታት ፈጀባቸው። ማን ቀድሞ ቁጥሩን ይቀንሳል?

ይህ መለኪያ እንደ አውሮፓው የ12 በመቶ ዳገቱን ይዟል። ግን በዚያ አያበቃም። አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም የሚባል ዳገት አለ። ወደ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ እረፍት ይወጣል። ፈተናው የዚያ መንገድ ነው፤ ሙቀቱ ቢያንስ 38 ዲግሪ፣ ኤሲው እስከ ጥግ ተከፍቶ። የተለመደ ፒክአፕ ከሆነ ፍጥነቱ ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት መውረድ የለበትም። ራዲያተር የሚያፈላ መኪና እዚያ ይጋለጣል። ከቆመበት ተነስቶ ወደ 97 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ30 ሰከንድ መድረስም ግዴታ ነው። አያችሁ፣ አውሮፓ «ዳገት ላይ መነሳት ትችላለህ?» ብላ ስትጠይቅ አሜሪካ «በበጋ ሙቀት ሌላውን መኪና ሳታስቸግር ትወጣለህ?» ብላ ትጨምራለች። ጥያቄው ሌላ ነው፣ መልሱም ሌላ ቢሆን አይግረማችሁ።

የከፍታ ነገርም አለ። ብዙ የአውሮፓ መመሪያዎች ከ1,000 ሜትር በላይ ስትወጡ ለየ1,000 ሜትሩ ከመኪናውና ከተጎታቹ ድምር 10 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማላ።

አንድ ነገር ደግሞ በሁለቱም ወገን ሰው ይረሳል። የአሜሪካው ፈተና መኪናው ውስጥ ሁለት ሰው አለ ብሎ ያስባል፣ እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ። የአውሮፓው የመኪና ክብደት ደግሞ አንድ 75 ኪሎ ሹፌር ይቆጥራል። አራት ልጆችና ሁለት ሻንጣ በየትኛውም ስሌት ውስጥ የሉም። አውስትራሊያ ላይ ይህ ነገር በደንብ ይታያል። እዚያ 3,500 ኪሎውን ከአውሮፓ፣ 10 በመቶውን ከአሜሪካ ወስደውታል። 3,500 ኪሎ ካራቫን ማለት 350 ኪሎ የመኪናው ኋላ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ቤተሰቡ ሳይገባ የመኪናው የጭነት አቅም ተበላ። ብዙ ጊዜም የሞላው መኪና ከሞላው ተጎታች ጋር ሲደመር ከተፈቀደው ድምር ያልፋል። «3,500 ይጎትታል» ተብሎ የተገዛ መኪና፣ ሰው ከተሳፈረበት 3,500 አይጎትትም።

ስለ መለኪያ ቃላትም አንዲት ነገር። ቶን ሲባል አትቸኩሉ። የአሜሪካው ቶን 2,000 ፓውንድ ነው፣ 907 ኪሎ። አምስት ቶን ብላችሁ ስትስማሙ ሻጩ 4,536 ኪሎ እያሰበ እናንተ 5,000 ልታስቡ ትችላላችሁ።

ከመውረዴ በፊት ወደ ኳሷ ልመለስ። ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ኳሶች አሉ። አንዷ የአውሮፓዋ 50 ሚሊሜትር ናት። ሁለተኛዋ የአሜሪካዋ 2 ኢንች፣ 50.8 ሚሊሜትር። ሦስተኛዋ ትንሿ የአሜሪካ ኳስ፣ 47.6 ሚሊሜትር። ለ50 የተሠራ ማያያዣ 50.8 ላይ ሊጠብቅና በደንብ ላይቆለፍ ይችላል፤ ይህ ቢያንስ ያስታውቃል። 47.6 ላይ ግን ቀጭ ብሎ የተዘጋ ይመስላል፣ ዳገቱንም ይወጣል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይዘላል። ስትወጡ በዚህ በኩል እለፉና ኳሶቹን አንሷቸው። ቁጥሮቹን በወረቀት ሸፍኜባቸዋለሁ። መለኪያ መሣሪያውም እዚያው አለ፤ መጀመሪያ ግን በዓይናችሁ ገምቱ።