ሽማግሌ በደብዳቤ አይሾምም

ክቡራን ዳኞች፣ የአስተዳደር ኃላፊዎች፣ አባቶች፣ እናቶች፣ የዛሬ ሠልጣኞች፤ እንደምን አደራችሁ!

አዘጋጆቹ «የስሪላንካን የአስማሚነት፣ ማለትም ጠበኞችን ያለ ፍርድ የማስታረቅ፣ ልምድ በ20 ደቂቃ አቅርቢልን» ብለውኛል። 20 ደቂቃ ለእኔ እንደማይበቃኝ አብራችሁኝ ችሎት የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ። እሞክራለሁ።

ለምን ስሪላንካ ትሉ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምናውቃት በሻይዋ ነው። ግን እንደኛው ታዳጊ አገር ናት። ፍርድ ቤቶቿ በፋይል የተጨናነቁ ናቸው። የመንደር ጠብ በመንደር የሚዳኝበት ጋምሳባዋ የሚባል የቆየ ሸንጎም ነበራት። እውነቱን ለመናገር እኔን የሳበኝ ስኬቷ አይደለም። መጀመሪያ የወደቀችበት መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 ስሪላንካ የአስታራቂ ቦርዶችን በአዋጅ አቋቋመች። ሐሳቡ መልካም ነበር። ድሀው ጠበቃ ሳይቀጥር፣ ከተማ ሳይመላለስ ጉዳዩን በሰፈሩ ይጨርስ ተባለ። አንድ ነገር ብቻ ተበላሸ፤ የቦርዱን አባላት የሚሾመው የፍትሕ ሚኒስትሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቦርዶቹ የፖለቲካ ሰዎች መቀመጫ ናቸው ተብለው ታሙ። ሰዉ እምነት አጣባቸው። መንግሥት ተቀየረና በ1978 ተሻሩ። የ20 ዓመት ድካም እንደዋዛ ቀረ።

እንደገና የተነሱት በ1988 ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 72። በዚህኛው ዙር አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ። ቢያንስ ሦስቱ ከከፍተኛዎቹ ፍርድ ቤቶች ጡረታ የወጡ ዳኞች መሆን አለባቸው። ኮሚሽነሮቹን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ይህም ራሱ አከራካሪ ነው። አስማሚዎቹን የሚመርጠው ግን ኮሚሽኑ ነው። ፖለቲካ ውስጥ የሌሉ የአካባቢ ማኅበራት ሰው ይጠቁማሉ፤ ተጠቋሚው ይሠለጥናል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚሾመው። ጠብ ሲመጣ እያንዳንዱ ወገን ከዝርዝሩ አንድ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ሁለቱ ተመራጮች ሦስተኛውን ይመርጣሉ። ጠበቃ አይገባም። አስማሚዎቹ ደመወዝ የላቸውም። ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡት ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የተማሪ ወንበር ላይ። ዛሬ ከ300 በላይ ቦርዶች አሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የገጠመኝን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ።

ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። ሰውየው አዲስ ቤት ሠራ። የጣሪያው ጠፈጠፍ በቀጥታ ወደ ሴትየዋ ግቢ ይወርዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር የኩሽናዋ ግድግዳ እየራሰ ጭቃው ይረግፋል። ከሰሰችው። እሱም «አጥሯ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ እኔ ገብቷል» ብሎ መልሶ ከሰሳት። መሐንዲስ ታዘዘና ለካ። ሌላ መሐንዲስ ታዘዘና ለካ። ሁለቱ ልኬቶች አልተገናኙም። በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሆነ። ፋይሉ ሲወፍር ግድግዳው ሳሳ።

በመጨረሻ ለሽምግልና ተስማሙ። እሷ የእድሯን ዳኛ መረጠች፣ እሱ የንስሐ አባቱን። እኔን ሰብሳቢ አደረጉኝ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ወጉ በጩኸት አለፈ። በሁለተኛው ቀን ሴትየዋ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። ሰውየው ስኒውን ከእጇ ተቀበለ። በዚህ ሥራ የቆያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስኒ ከተቀበለ በኋላ ነገሩ ግማሹ አልቋል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ደብተር ይዞ መጣ። «ሽምግልናውን እንድከታተል ከአስተዳደር ተወክዬ ነው» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ትሑት ነው። ተላከ፣ መጣ። ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘረጋና እስክሪብቶውን አወጣ። ከዚያ በኋላ ጉዱን ባያችሁ! ሰውየው ስለ ካርታው ማስረዳት ጀመረ፤ ስለ ካርታ የጠየቀው የለም። ሴትየዋ ግብሯን በወቅቱ እንደምትከፍል ተናገረች፤ ስለ ግብር የጠየቃት የለም። ሁለቱም እኛን ትተው ለደብተሩ ያወሩ ነበር። እድር ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ። የዚያን ቀን እርቁ ፈረሰ።

ልጁ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። ወራት ካለፉ በኋላ እንደገና ቁጭ አልን። በአንድ ከሰዓት አለቀ! ሰውየው አሸንዳ ሊያሠራ፣ ሴትየዋ የአሸንዳውን ዋጋ ሲሶ ልትችል ተስማሙ። ሲሶውን ያመጣችው ራሷ ናት። ችሎት ላይ ብሆን ጉዳት የደረሰባትን ሴት ክፈይ አልላትም ነበር። እሷ ግን «ነገም ጎረቤቴ ነው» አለች። ስለ አጥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ትንፍሽ ያለ የለም።

እንግዲህ ስለ አስማሚዎች አመራረጥ ጠዋት የታደላችሁትን ረቂቅ መመሪያ ግለጡት። የአስማሚዎች ስም ዝርዝር «በአስተዳደሩ ተጠቁሞ ይቀርባል» ይላል። ጎሽ! ስሪላንካ በ1958 የገባችበትን ጉድጓድ እኛ በገዛ እጃችን ልንቆፍር ነው። የሕግ እጥረት የለብንም። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕርቅ ደንግጎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን፣ ማለትም በፍርድ ቤቱ ሥር የሚካሄድ ዕርቅን፣ አመጣ፤ አዋጅ 1237 ደግሞ የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር ዘረጋ። ታዲያ ይህን ሁሉ ይዘን ሽማግሌውን ከቢሮ የምንልከው ለምንድን ነው?

ሽማግሌ በደብዳቤ አይሾምም! ሰው ያከበረው እንጂ ማኅተም ያረፈበት ሽማግሌ አይባልም! እናንተ የአስተዳደር ሰዎች፣ በዓል ሲሆን ሽማግሌዎቹን ነጭ ጋቢ አልብሳችሁ ከፊት ወንበር ታስቀምጧቸዋላችሁ። ካሜራው ሲሄድ የትራንስፖርት እንኳ የሚሰጣቸው የለም። ግጭት ሲነሳ ደግሞ «ሂዱና ይህን በሉልን» ትሏቸዋላችሁ። ሄደው አሉላችሁ። ሰው አልሰማቸውም። ከዚያ «ወጣቱ ሽማግሌ መስማት ትቷል» እያልን ወርክሾፕ እናዘጋጃለን። ወጣቱ ሽማግሌ መስማት አልተወም። መልእክተኛ መስማት ነው የሰለቸው!

«ካልተቆጣጠርናቸው ጉቦ ይበላሉ፣ ለዘመድ ያደላሉ» የሚለኝ አለ። ስጋቱ የውሸት አይደለም። ስሪላንካ ላይ ያጠፋውን አስማሚ ኮሚሽኑ ያነሳዋል። እኛም ፍርድ ቤቱ ዝርዝሩን ይያዝ፣ ቅሬታ ይቀበል፣ ያጠፋውን ይሰርዝ። ይህ ቁጥጥር ነው። ጥቆማ ግን ከእድር፣ ከሙያ ማኅበር፣ ከሃይማኖት ተቋም ይምጣ። መራጩም ባለጉዳዩ ይሁን።

ሰዓቴ አልቋል እየተባልኩ ነው። ሁለት ነገር በአጭሩ። አንደኛ፣ በሠልጣኞች ዝርዝር ላይ የሴቶቹን ስም ስፈልግ ብዙ አልደከመኝም፤ ጥቂት ናቸው። ሚስቱን የደበደበ ሰው ጉዳይ ደግሞ «ታረቂ» ተብሎ እኛ ጋ አይምጣ፤ የሚሄድበት ቦታ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ምስጢር አጠባበቅ ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ነበር፤ ለአስተባባሪዎቹ እሰጣለሁ፣ አባዝተው ያድሏችኋል።

ረቂቁ ላይ አስተያየት የሚሰበሰበው ከምሳ በኋላ ነው። «በአስተዳደሩ ተጠቁሞ» የሚለው ሐረግ እንዲወጣ እጄን አወጣለሁ። ከአስተዳደር የመጣችሁ ወንድሞቼ እዚሁ ቆዩና ተከራከሩኝ። እንደ ባለፈው ከምሳ በኋላ ወንበራችሁ ባዶ እንዳይሆን።

አመሰግናለሁ።