«ቁንጫ የለበትም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲታከክ ያድራል»፦ የአድማጮች ጥያቄና የእንስሳት ሐኪም መልስ

በዚህ ሳምንት መስመሩን የከፈትነው ውሻ ለሚያሳድጉ አድማጮች ነበር። ከደወሉትም አጭር መልእክት ከላኩትም አብዛኞቹ ያነሱት ማሳከክን ነው። መልሱን የሰጡን በውሻና በድመት ሕክምና ላይ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ከሰሚት የደወሉ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ውሻችን አራት ዓመቱ ነው። ከወገቡ እስከ ጭራው ሥር እየነከሰ ፀጉሩን ጨረሰው። ቁንጫ ይሆናል ብዬ አገላብጬ ብፈልግ አንድም የለም። አለርጂ ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን እናቴ። እኔ የምጠረጥረው ሁለቱንም ነው፤ የቁንጫ አለርጂ። ቁንጫ ሲነክስ ምራቁ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ የውሻው ሰውነት የሚቆጣው ለዚያ ምራቅ ነው። አለርጂ ላለበት ውሻ አንድ ሁለት ንክሻ ለቀናት ሲያሳክከው ይሰነብታል። ውሻው ደግሞ ሲልስና ሲያኝክ ስለሚውል ቁንጫዎቹን ራሱ ይውጣቸዋል፤ እርስዎ ፈልገው ያጧቸው ለዚህ ይመስለኛል። በዚያው ከቁንጫ ጋር የሚመጣ የኮሶ ዓይነት ትል ይይዘዋል። ፊንጢጣው አካባቢ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር አይተው ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ዛሬ ማታ ይህን ይሞክሩ። ጥርሱ በጣም ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ከጭራው ሥር ያበጥሩትና የወጣውን ጥቁር ፍርፋሪ በእርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ይጣሉት። ጥቂት ቆይቶ ዙሪያው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ አፈር አይደለም፤ ቁንጫው ጠጥቶ ያስወገደው ደም ነው።

ውሻውን ብቻ ማከም ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ውሻው ላይ ያለው ጎልማሳ ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። የቀረው እንቁላልና ገና ያልጎለመሰ ሆኖ መኝታው ላይ፣ ምንጣፉ ሥርና ግቢው ውስጥ ጥላና እርጥበት ባለበት ተቀምጧል። አንዳንዱ በሽፋኑ ውስጥ ተደብቆ ለወራት ይቆያል፤ መድኃኒት ሰጥተው «ተመልሶ መጣ» የሚሉት ያ ነው። ስለዚህ የሚተኛበትን ጆንያና ጨርቅ በሙቅ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ ጥጋጥጉን ሳይሰለቹ ይጥረጉ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን ውሾችና ድመቶች በሙሉ ቢያንስ ለሦስት ወር በተከታታይ ያሳክሙ። ለውሻ የተሠራና ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለበት መድኃኒት ድመት ላይ እንዳይነካ፤ ይገድላታል። የሚዋጡም አሉ፦ አፎክሶላነር ለአንድ ወር፣ ፍሉራላነር ለ12 ሳምንት ያህል ይሠራሉ። ውሻው የሚጥል በሽታ ኖሮት የሚያውቅ ከሆነ ግን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩት።

ከአዳማ የደወሉ አባት፦ ልጆቼ ከመንገድ ያነሱት ቡችላ ጆሮው ጠርዝ ላይና ክርኑ ላይ ቅርፊት አውጥቷል። አሁን ልጆቹም ሆዳቸውንና ክንዳቸውን ያሳክካቸዋል። ጎረቤት የተቃጠለ ዘይት ቀባው ይለኛል።

መልስ፦ አይቅቡት፣ አደራ። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ሆነ ነጭ ጋዝ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ቡችላው ደግሞ ይልሰዋልና ጉበትና ኩላሊቱን ይጎዳል። ለሰብል የሚረጭ ፀረ ተባይማ ጭራሽ አይታሰብም።

የነገሩኝ ነገር የእከክ ይመስላል። የጆሮውን ጠርዝ በጣትዎ አጥፈው ሲያሹት የኋላ እግሩ ለማከክ ከተንቀሳቀሰ ጥርጣሬዬ ይጨምራል። አምጪው በዓይን የማይታይ፣ ቆዳ ሰርስሮ የሚኖር ተባይ ነው። ተቧጭሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ ውጤቱ «የለም» ቢልም ሐኪሙ ሕክምናውን ቢጀምር አይገረሙ። የውሻው እከክ ሰው ላይ ዘሩን አይቀጥልም። ቡችላው ሲታከም የልጆቹም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል፤ ካልለቀቀ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ቢሾፍቱ ለእርስዎ ቅርብ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል እዚያ አለ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን የተባለ የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ገዝተው በግምት የሚወጉ ሰዎች አሉ። የ1 በመቶው መርፌ ለ50 ኪሎ ከብት 1 ሚሊ ሊትር ነው። ይህንኑ 1 ሚሊ 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ ከወጉት በኪሎ ሲሰላ የከብቱን 10 እጥፍ ሰጡት ማለት ነው። ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ራሱን ይስታል። እንደ ኮሊ ያሉና አንዳንድ ጀርመን ሸፐርዶች ደግሞ በዘራቸው ምክንያት ሌላው ውሻ የሚችለውን መጠን እንኳ አይችሉም።

ከቨርጂኒያ የደወለች አድማጭ፦ ዶክተር፣ ጎልደን ሪትሪቨር ውሻዬ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ መዳፉን እየላሰ ያቀላዋል፣ ጆሮውም ይሸታል። ቁንጫ መከላከያ በየወሩ ይወስዳል። ሴቲሪዚን የተባለውን የሰው የአለርጂ መድኃኒት ልስጠው?

መልስ፦ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ፣ መዳፍ፣ ፊት፣ ብብትና ጆሮ የሚያሳክክ ነገር በአብዛኛው የአካባቢ አለርጂ ነው። በናንተ በኩል በዚያ ወቅት ራግዊድ የተባለው አረም ብናኝ ይነሳል፤ ውርጭ እስኪመጣም ይቆያል። ከውጭ ስትመልሺው መዳፉንና ሆዱን በውሃ አለቅልቀሽ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር አድርቂው፤ ቀላል ቢመስልም ይረዳል። ሴቲሪዚን ጥቂቶቹን ያስታግሳል እንጂ ብዙ ተስፋ አትጣይበት። ከሰጠሽውም መጠኑን ሐኪሙ ይንገርሽ፤ ሱዶኢፌድሪን የተባለ የአፍንጫ መክፈቻ የተቀላቀለበት ወይም ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት እንዳይሆን ማሸጊያውን አንብቢ፤ ሁለቱም ውሻን ይመርዛሉ። በውድ ዋጋም ቢሆን የሚሠሩት ኦክላሲቲኒብ የተባለው እንክብልና በየአንድ ሁለት ወሩ የሚወጋው ሎኪቬትማብ ናቸው። እንክብሉ ዕድሜው ከ12 ወር በታች ለሆነ አይሰጥም። የሚሸተው ጆሮ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ይታይለት፤ እሱ ሳይድን ማሳከኩ አይቆምም።

ከባሕር ዳር የደወለች ተማሪ፦ ውሻችንን ክረምት ከበጋ የሚያሳክከው ሥጋ ስለሚበላ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ውሻን በብዛት ከሚያስቆጡ ምግቦች የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ዋናዎቹ ናቸው። የሚያስተማምነው ፈተና በልቶ የማያውቀውን ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት መስጠት ነው። አሳ በልቶ ያውቃል?

*አድማጯ፦ የቆሮሶ ጭንቅላት እኮ በየቀኑ ነው የምንጥልለት!*

እንግዲያው አሳ አይሆንም። በግና ፍየልም ለበሬ ስለሚቀርቡ አያስተማምኑም። እንቁላል ቀምሶ የማያውቅ ከሆነ በተቀቀለ እንቁላልና ድንች ሞክሪ። ወጥ ጠብ እንዳይልበት፤ ሽንኩርቱ ራሱ የውሻን ደም ይጎዳል። ጎረቤት በአጥር የሚወረውረው አጥንት ስምንቱን ሳምንት ያበላሽብሻልና አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከተሻለው የድሮውን ምግብ መልሰሽ ስጪው፤ ማሳከኩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኘ።

በአጭር መልእክት፦ «በኦሞ አጥበዋለሁ። ፕሬድኒሶሎንም ቤት አለ፣ ልስጠው?»

መልስ፦ ኦሞው ይቅር፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። ለውሻ በተሠራ ሻምፑ፣ ለብ ባለ ውሃ ያጥቡት። ሻምፑው ክሎርሄክሲዲን የተባለ ፀረ ጀርም ያለበት ከሆነ 10 ደቂቃ ያህል ቆዳው ላይ ያቆዩት። ፕሬድኒሶሎን ማሳከክን በፍጥነት ያቆማል፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ያጠማዋል፣ ያስርበዋል፣ ኢንፌክሽኑን ያብሰዋል፣ ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ሲቆምም አደጋ አለው። እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ካለ የሕመም ማስታገሻ ጋር ከተሰጠ ሆዱ ሊደማ ይችላል። ሐኪም ሳያዝ አይስጡት።