ከረሜላና ቤተ መንግሥት

የተከበራችሁ የንግዱ ማኅበረሰብ አባላትና እንግዶች፣

ፖለቲካ የሚገባ ነጋዴ ፋብሪካውን ምን ያድርገው? በመርሕ ደረጃ ብቻ ብንነጋገር ሁላችንም ተስማምተን ስለምንበተን፣ የአንድ ሰው ሕይወት ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የዩክሬኑ ፔትሮ ፖሮሼንኮ በ1965 በኦዴሳ ክልል ተወለዱ። በኪየቭ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሆንም፣ ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ የካካዎ ፍሬ ንግድ ውስጥ ገቡ። ቀጥሎም በመንግሥት እጅ የነበሩትን የከረሜላ ፋብሪካዎች እየገዙ በ1996 «ሮሼን»ን መሠረቱ። ከአባታቸው ስም የፊቱንና የኋላውን ፊደል ቁረጡ፤ የሚቀረው በከረሜላው መጠቅለያ ላይ የታተመው ነው። ሕዝቡም «የቸኮሌት ንጉሥ» አላቸው።

በ1998 ፓርላማ ገቡ። በፕሬዚዳንት ዩሽቼንኮ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በዩሽቼንኮ ባላንጣ በፕሬዚዳንት ያኑኮቪች ዘመን ደግሞ የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሆኑ። (እንዲህ ያለ ጥበብ ነጋዴ ብቻ የሚችለው ይመስለኛል።) ፋብሪካቸው ባለበት በቪኒትሲያ ከተማ፣ በወንዙ ላይ ኩባንያው በ2011 ትልቅ የውኃ ፏፏቴ አሠራ። ውኃው በሙዚቃና በብርሃን ሲጨፍር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመለከት ነበር፤ ስሙም «ሮሼን» ነው። በማግስቱ ዓመት ፖሮሼንኮ ከዚያችው ከተማ ተመረጡ። ስጦታው የት አብቅቶ ቅስቀሳው የት እንደጀመረ የሚነግረኝ ካለ ደስ ይለኛል።

በሐምሌ 2013 ሩሲያ የጥራት ጉድለት አለበት ብላ የሮሼንን ምርት አገደች። ጊዜው ዩክሬን ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የትብብር ስምምነት ልትፈራረም የተዘጋጀችበት ነበርና ምክንያቱን ያመነ ጥቂት ነው። በኅዳር ያኑኮቪች ፊርማውን ሲተዉት የኪየቭ አደባባይ በተቃዋሚ ተሞላ። ፖሮሼንኮም ድምፅ ማጉያ ይዘው ቡልዶዘር ላይ በመውጣት ግጭቱን ለማብረድ ሞከሩ። በግንቦት 2014 ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው በመጀመሪያው ዙር ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ከምርጫው በፊት «ሮሼንን እሸጣለሁ» ብለው ነበር። አልሸጡም። በጦርነት ላይ ያለ አገር ፋብሪካ ገዢ አያገኝም አሉ፤ ይህ እውነትነት አለው። ሆኖም በሩሲያ ሊፔትስክ ያለው ፋብሪካቸው እስከ 2017 ድረስ እያመረተ ለሞስኮ ግብር ይከፍል ነበር፤ የዩክሬን ወታደር ደግሞ በምሥራቅ ሩሲያ ከምትደግፋቸው ተገንጣዮች ጋር ሲዋጋ ይሞታል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። በ2016 ባለሀብቶች በውጭ አገር በስውር የያዟቸውን ኩባንያዎች ያጋለጡት የፓናማ ሰነዶች ሲወጡም፣ የዩክሬን ጦር በምሥራቅ ኢሎቫይስክ ከተማ ላይ በተከበበበት በነሐሴ 2014 ግብር በማይከፈልባቸው የብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች በስማቸው ኩባንያ መመዝገቡ ታወቀ። ለሽያጩ ዝግጅት ነው ብለው ተከራከሩ። ሕጋዊ ይሆናል፤ ልጁን ለቀበረ ወላጅ ግን እንዴት ይነገራል?

ሥራቸውን አላሳንስም፤ ጦሩን መልሰው ገንብተዋል፣ ዜጎቻቸውም ያለ ቪዛ ወደ አውሮፓ እንዲጓዙ አስችለዋል። በ2019 ምርጫ የተሸነፉትም በፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ ሙስናውና የኑሮ ውድነቱም ነበረ። ነገር ግን የሽያጩ ውል ከ2014ቱ ምርጫ ቀን በፊት መፈረም ነበረበት ባይ ነኝ፤ ከሥልጣን በኋላ ያለው ዋጋ ሁልጊዜ ይጠረጠራል። በ2019 ኮሜዲያኑ ቮሎዲሚር ዘለንስኪ 73 በመቶ ሲያገኙ እርሳቸው 24 በመቶ አገኙ፤ በዚያው ምሽትም ሽንፈታቸውን ተቀበሉ።

«ገዢ ከሌለስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ። አመሰግናለሁ።