ቫይታሚንና የቆዳ ጤና፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምደውለው ከአራት ኪሎ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ጉንጬ ላይ ማድያት ወጥቶብኛል። ጓደኛዬ መክራኝ የቫይታሚን ኢ እንክብል በመርፌ እየበሳሁ ፈሳሹን ማታ ማታ እቀባለሁ፤ የቫይታሚን ሲ ክኒንም እወስዳለሁ። ሦስት ወር ቢሆነኝም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ማድያት በአብዛኛው የቫይታሚን እጥረት ምልክት አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የሚጨምሩት ሆርሞኖች የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ያነቃቃሉ፤ የወጣውን ደግሞ ፀሐይ ታባብሰዋለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በእኩለ ቀን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ሲወርዱ ነፋሱ ቢያቀዘቅዝዎትም አልትራቫዮሌት ጨረሩ ብርቱ ነው። ስለዚህ ጃንጥላና በየቀኑ የሚቀቡት ሰንስክሪን ከእንክብሉ ይበልጥ ይጠቅሙዎታል። የቫይታሚን ኢ ፈሳሽ ማድያትን ለማጥፋቱ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታና ማሳከክ ያስነሣል፣ የተቆጣው ቆዳ ሲድንም ጥቁር ምልክት ሊተው ስለሚችል ቢያቆሙት እመርጣለሁ። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ማቅያ ክሬም ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል።

ቫይታሚን ሲ ቆዳን አጽንቶ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን እንዲሠራ የግድ ያስፈልጋል፤ በጣም ሲጎድል ድድ ይደማል፣ ቁስልም ቶሎ አይሽርም። ይሁንና ለአዋቂ ሴት በቀን የሚመከረው 75 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፣ ለሚያጠቡ እናቶች 120 ሚሊግራም ነው። አንድ መካከለኛ ዘይቱን ይህን ሊሸፍን ይችላል፤ ከምሳ ጋር የሚነከስ ጥሬ ቃሪያም ቀላል አይደለም። ከሚፈለገው በላይ የተወሰደው በአብዛኛው በሽንት ይወጣል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ጁስ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ስፕሪስ ቆዳ ያሳምራል ይላሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ያሳምራል ብዬ ባልምልም፣ ቅንብሩ ብልህ ነው። ፓፓያና ማንጎ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ካሮቲን አላቸው፤ ካሮቲን ደግሞ ያለ ስብ በደንብ ስለማይመጠጥ፣ ከሥር የሚደረገው አቮካዶ ስቡን ያቀርባል። ሎሚው ቫይታሚን ሲ ይጨምርበታል። ስኳሩን ግን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ቆዳዬ ስለደረቀ የቫይታሚን ኤ እንክብል ልግዛ?

መልስ፦ ሐኪምዎ ሳያዝዝ አይግዙ። ቫይታሚን ኤ ጉበት ውስጥ ስለሚከማች እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አይወገድም፤ በእርግዝና ጊዜ መጠኑ ሲበዛ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከካሮትና ከጎመን የሚገኘው ካሮቲን ይህ ስጋት የለበትም። ለድርቀቱ ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ከታጠቡ በኋላ ገላዎ ሳይደርቅ ይቀቡ።