ቅጠሉን የላሳችሁ ታስታውሳላችሁ

የተከበራችሁ የዱብቲ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የዛሬ ተመራቂ ልጆቼ፤

አዘጋጆቹ ስለ ወደፊት ዕድላችሁ አሥር ደቂቃ እንድመክር ነግረውኛል። ዕድላችሁ ይቅና። የተረፈውን ደቂቃ ለታማሪክስ ቁጥቋጦና ለባሕር ኤሊ እፈልገዋለሁ።

ዛሬ ከወላጆች መካከል የተቀመጡ የቀድሞ ተማሪዎቼን አንድ ቀን ፀሐይ ሳትወጣ አዋሽ ዳር ወሰድኳቸው። ቅጠሉ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ አንድ የታማሪክስ ቅርንጫፍ ቀጠፍኩና «ላሱ» አልኳቸው። ተያዩ። አንዷ ብቻ ደፍራ ላሰችና ፊቷን አጨማደደች። «መምህር፣ ማነው ጨው የነሰነሰበት?» አለች። ማንም አልነሰነሰበትም። ሥሩ ጨዋማ ውኃ ይስባል፤ በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ዕጢዎች ደግሞ ጨውን ወደ ውጭ ይገፉታል። ማለዳ ይረጥባል፤ ፀሐይ ሲበረታ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

እዚያው ቆመን ስለ ባሕር ኤሊ ነገርኳቸው። እንቁላሏን ልትጥል ወደ አሸዋው ስትወጣ ዓይኗ ያነባል። ያዩአት ሰዎች «ልጆቿን ጥላ ስለምትሄድ ነው» ይላሉ። አይደለም! የባሕሩን ጨው ኩላሊቷ ብቻውን አይችለውም፤ ከዓይኗ ጀርባ ያለው ዕጢ ከባሕር ውኃ የበለጠ ጨዋማ ዕንባ ያፈሳል። ሽሚት-ኒልሰንና ፋንጌ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 አሳትመዋል። ውኃ ውስጥም ሳለች ታነባለች፤ የሚያይላት የለም እንጂ።

በዚያው ሳምንት አንድ ተቆጣጣሪ መጣና በመዝገቤ ላይ «የትምህርት ጊዜ ባክኗል» ብሎ ጻፈ። ዕፅዋት ሌላ ምዕራፍ፣ እንስሳት ሌላ ምዕራፍ፤ ምን አገናኛቸው? አለኝ። ጌታዬ፣ ጨው አገናኛቸው! አባቶቻቸው ከአፍዴራና ከዳሎል ጨው ሲያወጡ ለኖሩ ልጆች «ሶዲየም ክሎራይድ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ አስገልብጦ መውጣት ነው ጊዜ ማባከን! ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዝም አልልም።

ልዩነትም አላቸው። የኤሊዋን ዕንባ ባሕሩ ያጥበዋል። የታማሪክስ ጨው ግን ከቅጠሉ ጋር ረግፎ እግሩ ሥር ይከማቻል፤ ሌላ ተክል እዚያ ለመብቀል ይቸገራል። በመስኖ ጨው ስለተበላው የጥጥ መሬታችንም ልናገር ነበር፤ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው።

ያቺ ቅጠል የላሰች ልጅ እዚህ አለች። ልጇ ዛሬ ትመረቃለች። ቅድም በር ላይ ልጅቷን «ስለ ጨው ዕጢ ተማራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ክፍል ውስጥ አልተማርንም» አለችኝ፤ «ቅጠሉን ግን እናቴ አስልሳኛለች።»