አያቶቻችን ሳይርቁን እንጠይቃቸው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ የታሪክ መምህራን፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ ጠዋት ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ ነው የመጣሁት። መነሻዬ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት። እዚህ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት። አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ 1888ን፣ 1933ንና 1929ን አለፍኩ። ተማሪዎቻችን እነዚህን ዓመታት በቃላቸው ይዘዋቸዋል። «ያኔ እናንተ ሰፈር ማን ይኖር ነበር?» ስንላቸው ግን ዝም ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ጠይቀናቸው አናውቅማ።

ስለዚህ ዛሬ የማነሳው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አገር አቀፍ የታሪክ ምርምር ውድድር እንጀምር። የጥያቄና መልስ ውድድር አላልኩም፤ እሱ ሞልቷል። ልጁ ራሱ ጥያቄ የሚያወጣበት፣ ራሱ ማስረጃ የሚፈልግበት ውድድር ነው የምለው።

አንድ ጊዜ «የሰፈራችሁን ታሪክ ጻፉ» ብዬ አሳይመንት ሰጠሁ። አብዛኛው ከኢንተርኔት የተገለበጠ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ ነበር። አንዲት ልጅ ግን የአያቷን ድምፅ በስልኳ ቀድታ መጣች። አያትየው «እድራችን የተቋቋመው አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው» ይላሉ። 1966 መሆኑ ነው። ልጅቷ እዚያ አላቆመችም። የእድሩን ጸሐፊ ለምና የድሮውን መዝገብ አየች። የመጀመሪያው ገጽ 1959 ይላል። ደንግጣ መጣች። «ቲቸር፣ አያቴ ዋሽታኝ ነው?» አለችኝ። «ሄደሽ ጠይቂያት» አልኳት። ለካ አያትየው አግብተው ወደ ሰፈሩ የገቡት በ1966 ኖሯል። ለእሳቸው እድሩ የተጀመረው እሳቸው አባል የሆኑ ዕለት ነው። ማስታወስና መዝገብ እንዴት እንደሚለያዩ፣ ሁለቱም ለምን እንደሚያስፈልጉ፣ ያቺ ልጅ በአንድ ሳምንት ገባት። እኔ በሰሌዳ ላይ ለዓመታት ስደክምበት የኖርኩት ነገር ነው።

ሌሎች አገሮች ከጀመሩት ቆይተዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀርመን ከ1973፣ አሜሪካ ከ1974 ወዲህ እንዲህ ያለ ውድድር አላቸው። የአሜሪካው «ናሽናል ሂስትሪ ደይ» ይባላል። ተማሪው ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ኤግዚቢሽን፣ ዶክመንተሪ፣ ድራማ ወይም ድረ ገጽ ይዞ ይቀርባል።

በዚያው አቆጣጠር በ1999 ካንሳስ ውስጥ ዩኒየንታውን በምትባል፣ 300 ሰው እንኳ በማይሞላት ከተማ የሚማሩ ልጆች ለዚህ ውድድር ርዕስ ይፈልጉ ነበር። መምህራቸው አንዲት አጭር የመጽሔት ቁራጭ ሰጣቸው። ኢሬና ሴንድለር የምትባል ፖላንዳዊት 2,500 ሕፃናትን ከዋርሶው ጌቶ፣ ናዚዎች አይሁዶችን ካጎሩበት ሰፈር፣ አወጣች ይላል። መምህሩ ራሱ የቁጥር ስህተት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። ልጆቹ ፈተሹ። የተቀበረችበትን ቦታ ሲያፈላልጉ ሴትዮዋን በሕይወት አገኟት! የሕፃናቱን ስም በወረቀት ላይ ጽፋ፣ በጠርሙስ ከታ፣ መሬት ቀብራ ያቆየች ሴት። በ2001 ዋርሶው ድረስ ሄደው አዩዋት። ዓለም ያወቃት በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። እኛም ሰፈር ስንት እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጧል?

ጊዜ ደግሞ የለንም። በየካቲት 1929 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 100 ሊሞላው ምንም አልቀረው። ያ ትውልድ አምልጦናል ማለት ይቻላል። በ1966 የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ግን 70 ቢያልፈውም አሁንም ቡናውን እየጠጣ ያወጋል። እንጠይቀው እንጂ! በ2016 ፒያሳ ያሉት እነ ዶሮ ማነቂያ ለአዲስ ግንባታ ሲፈርሱ ነዋሪው በየአቅጣጫው ሄደ። ስለ ግንባታው ለመከራከር አልቆምኩም። ግን ግድግዳ ይጋሩ የነበሩ ጎረቤታሞች ዛሬ ለመገናኘት ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለባቸው። ቤቱን የሚያስታውሰው አንዱ ጋ፣ ፎቶው ሌላው ጋ፣ የእድሩ መዝገብ ሦስተኛው ጋ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዓመት ርዕስ «ሰፈሬ» ይሁን የምለው። ጎንደርም፣ ጅማም፣ ሐረርም ያለ ልጅ ሰፈር አለው። በሚቀናው ቋንቋ ይጻፍ።

አንድ የምሰጋበት ነገር አለ። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጃቸው ተገድሎ እንዳያለቅሱ የተከለከሉ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ተማሪ ስልክ ደቅኖ «ንገሪኝ» ማለት የለበትም። ፈቃድ መጠየቅን፣ ዝም ሲሉ ዝምታቸውን ማክበርን አስቀድመን እናስተምረው። ይህን ሳናዘጋጅ ውድድሩን ባንጀምረው እመርጣለሁ።

ሌላው ቀላል ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የድሮ ሰነድ ሊያይ ሄዶ «ልጅ አይገባም» ተብሎ ከበር ተመልሷል። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ማኅበራችን የትብብር ደብዳቤ ይጻፍ። የተሠራው ሥራም አንድ አንድ ቅጂ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲቀመጥ እንጠይቅ። ገንዘቡን ከሰዓት በኋላ እንነጋገርበታለን።

ከሻይ በፊት በየወንበራችሁ ላይ ያለውን ቅጽ ሙሉልኝ። ሁለት መስመር ብቻ ነው። አንዱ ላይ የእናንተ ስም፣ ሌላው ላይ በትምህርት ቤታችሁ አካባቢ ተማሪ ሊጠይቃቸው የሚገባ የአንድ አዛውንት ስም።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።