አንድ ብሎክ፣ ብዙ ዓይነት ሸማች

(ምስል፦ የካ አባዶ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ረጅም የታክሲ ሰልፍ።)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሱቅ ልትከፍቱ አስባችኋል እንበል። መጀመሪያ የምትጠይቁት "የሰፈሩ ሰው ገቢ ስንት ነው?" ብላችሁ ይሆናል። ይሄ ጥያቄ እዚህ ብዙም አይጠቅማችሁም።

(ምስል፦ የዕጣ አወጣጥ በሥዕል።)

ምክንያቱም ቤቱ የተከፋፈለው በዕጣ ነው። 20/80 በሚባለው የመንግሥት የቤት ፕሮግራም ዕድለኛው የዋጋውን 20 በመቶ ይከፍል ነበር፤ 80 በመቶውን ባንክ ያበድረዋል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች የተያዘ ነበር። አንድ ብሎክ ላይ ስቱዲዮም ባለ 3 መኝታም ልታገኙ ትችላላችሁ። አስተማሪዋ፣ ነጋዴውና ጡረተኛው በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ታዲያ ምን ይለያቸዋል? እኔ አስቀድሜ የማየው ቤቱ የራሳቸው ነው ወይስ የኪራይ የሚለውን ነው።

ባለዕጣው ራሱ ከገባበት፣ የመጀመሪያው ገንዘብ የሚያልቀው በሴራሚክ፣ በኪችን ካቢኔትና በቀለም ነው። ቤቱ ብዙ ጊዜ ሳያልቅ ስለሚተላለፍ ባለቤቱ የሚጨርሰው ብዙ ነገር ይቀራል። አዲስ ሳይት ላይ የሴራሚክ ሱቅ ቶሎ የሚከፈተውም ለዚህ ነው።

ወርሃዊ ክፍያው የከበደው ደግሞ ያከራየዋል። 5 ዓመት ሳይሞላ መሸጥ አይችልማ። የሚከራዩት አዲስ ተጋቢዎችና በደባልነት የሚኖሩ ወጣቶች ናቸው። ኪራይ ሲጨመር ስለሚለቁ ለግድግዳው ብር አያወጡም። ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን፣ ቁም ሳጥን፤ ጭነው የሚሄዱትን ይገዛሉ።

(ምስል፦ የሱቅ ባንኮኒ፣ ምሽት 1 ሰዓት።)

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። ሰፈሩን ከምንም በላይ የሚያሳየው እሱ ነው። አንዷ ከታክሲ ወርዳ 5 እንጀራና ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ትገዛለች። ጎረቤቷ ጤፍ በኩንታል አስመጥታ፣ ወፍጮ ቤት አስፈጭታ፣ ቤቷ ትጋግራለች። የሁለቱ ቤት ገቢ እኩል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው መኖሩ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ሥራዋ ከተማው መሃል፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው እንበል። ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ መገናኛ ላይ ሌላ ታክሲ ጠብቃ፣ መሽቶ ትገባለች። እንጀራ መግዛትን ስንፍና የሚል ሰው ያንን ሰልፍ አላየውም። ለእሷ አንድ ሰዓት ከጥቂት ብር ይበልጥባታል። ስለዚህ የተከተፈ ጎመን፣ የተቆላ ቡና፣ የተዘጋጀ ሽሮ ብታቀርቡላት ደንበኛችሁ ትሆናለች።

ጋጋሪዋን ግን በዚህ አታገኟትም። ሽንኩርቷን ከእሁድ ገበያ፣ ዘይቷን በ5 ሊትር ጀሪካን ትገዛለች። ከእናንተ የምትፈልገው ድንገት ያለቀባትን ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና ነው። ደሞዝ እስኪወጣም ዱቤ ትጠይቃለች። ብትሰጧት ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ቶሎ ሰፈር አይለቅም።

በዓል ሲደርስ ክፍፍሉ ይላላል። ተከራይም ባለቤትም ለቅርጫ አብሮ ያዋጣል።

(ምስል፦ ከታክሲ መውረጃው ወደ ብሎኮቹ የሚወስደው መንገድ።)

ሱቁን ከመከራየታችሁ በፊት አንድ ማክሰኞ ማታና አንድ ቅዳሜ ረፋድ በሩ ላይ ቁሙ። ማን በጆንያ፣ ማን በእጁ ይዞ እንደሚያልፍ እዩ። ሱቃችሁ ሰው ከታክሲ ወርዶ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ካልሆነ እንጀራ አታስገቡ። ያደረ እንጀራ ገዢው ጥቂት ነው።